ሽማግሌ በመራጩ ቤት

ክሪኬት አላውቅም ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። እኔም አላውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ አገሪቱ የምትባል ሴት ከየት አምጥታ ታውቀዋለች? ጄኔቭ መጥቼ ሰው ቤት ስቀጠር ቤቱ የስሪላንካ ሰዎች ቤት ሆኖ አገኘሁት። ሙስዬ የምላቸው አባወራው ትልቅ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ማዳም ዝምተኛ ናቸው፤ የሙስዬ እናት ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ክሪኬት ያያሉ። ቤቱ ሁሉ አማ ስለሚላቸው እኔም አማ እላቸዋለሁ። የተቀጠርኩት እሳቸውን ልንከባከብ ነው፤ አማን መንከባከብ ማለት ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ክሪኬት ማየት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እንቅልፍ እየጣለኝ አየሁ። በሁለተኛው ዓመት ሙስዬን መከራከር ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ወርዋሪው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመጣል ይለፋል፣ መቺው ደግሞ እንዳይወድቁበት ይከላከላል። የቀረው ሁሉ ትዕግሥት ነው። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ሙስዬ የስዊዘርላንድን ብሔራዊ ቡድን ከሚመርጡት ሰዎች ዋናው መሆናቸውን ነው። ደሞዝ የለውም፣ ወደውት ነው የሚሠሩት። ስዊዘርላንድ ደግሞ ክሪኬት ትጫወታለች ወይ ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ትጫወታለች፤ ተጫዋቾቿ ግን አፍጋኖች፣ ታሚሎች፣ ፓኪስታኖችና ሕንዶች ናቸው። ከነሱ መሀል አንድ የኛ ልጅ አለ።

የኛ ልጅ ኪሩ ይባላል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ከአፍጋን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ደረሰው። እነሱ የቴኒስ ኳስ በፕላስተር ጠቅልለው መኪና ማቆሚያው ላይ ይጫወቱ ነበር። ቋንቋ ከመልመዱ በፊት መወርወር ለመደ።

እኔ ያየሁት አምና በግንቦት ነው። የዙሪክ ክለብ ሊጫወት ጄኔቭ መጥቶ ሙስዬ አማንና እኔን ሜዳ ወሰዱን። ከዛፍ ሥር ተቀምጠን አንድ ቀጭን ጠይም ልጅ ሲወረውር እናያለን። ሩጫው ያምራል፣ ክንዱም ያምራል፤ መጨረሻ ላይ ግን ይጣደፋል፣ መቺውም ይህንን አውቆበት እየጠበቀ ያርቅበታል። ሁለት ሦስቴ ሲደጋግመው አላስችል አለኝ። ሐበሻ ይሁን ምን ይሁን ሳላውቅ፣ በራሴ አማርኛ፣ ኧረ ቀስ በል፣ ማን አባረረህ ብዬ ጮህኩ። ልጁ ሩጫውን ጀምሮ ነበር። መሀል ላይ ቆመና ኳሷን እንደያዘ ዞረ። ዳኛው ይጠብቃል፣ መቺው ይጠብቃል፣ ያ ሁሉ ሰው ይጠብቃል፤ እሱ እኔን ያያል። ከዛፎቹ ላይ ጥጥ የመሰለ ብናኝ እየረገፈ ነበር፤ በመካከላችን ይንሳፈፋል፣ መሬት ለመድረስም አይቸኩልም። የዚያን ጊዜ ልቤ ደረቴን ትቶ ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለዕረፍት ሲወጡ መጣና አንቺ ነሽ ያሳሳትሽኝ አለኝ። እኔ ሳልናገርም ስትሳሳት ነበር አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ መሀል ትንሽ ክፍተት አለች፤ እሷን አይቼ ለአማ ውሃ መስጠት ረሳሁ።

ከጄኔቭ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እሱ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ እየኖረ የኤሌክትሪክ ሙያ ይማራል፣ ሌሬ የሚሉትን ሥልጠና፤ ቀን ሥራ ላይ፣ በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት። እኔ እሁድ ብቻ ነው የምወጣው። ስለዚህ በድምፅ መልእክት ተዋደድን። ከአማ ጋር ያየሁትን ጨዋታ በአማርኛ እተርክለታለሁ፤ ማን ወረወረ፣ ማን ሳተ፣ የትኛው መራጭ የትኛውን ሰነፍ ለምን እንዳስገባ። እሱ ከሥራ ሲመለስ ኤስ ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ሆኖ ያዳምጠዋል። አንድ ቀን ድምፅሽን እየሰማሁ መውረጃዬን አልፌ ኡስተር ተገኘሁ አለኝ። በማግስቱም ኡስተር ሄደ፤ ያን ቀን ግን ሳይሳሳት ነው፤ ትረካው ስላላለቀ።

እኔ ለወደድኩት ሰው ብዬ ያየሁትን አልደብቅም። መስከረም ላይ ለብሔራዊ ቡድን ገና ነህ አልኩት። አኮረፈኝ። ግን ክረምቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ሲሠራ ከርሞ፣ ጸደይ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። መጣደፉ ጠፋ። መጨረሻ ላይ የሚወረውራትን ኳስ እንደ ፈለገ ያዘገያታል፣ መቺዎቹ ባዶ አየር ይመታሉ። ዘንድሮ ኪሩ ካልተመረጠ መራጮቹ ዓይን የላቸውም ብዬ ለአማ ነገርኳቸው፤ ሙስዬ እራት ላይ ሰምተው ፈገግ አሉ እንጂ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ምርጫ ቤት ውስጥ አያወሩም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ለወንድሙ ልጅ ብሎ አንድ ሳጥን ጣፋጭ ቢያመጣላቸው፣ ሰውየውን እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተከትለው ሄደው ሳጥኑን መልሰውለታል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ታዲያ መጋቢት ላይ ማዳም ሳሎን ጠርተው አስቀመጡኝ። የሙስዬ ሥራ በነሐሴ ያልቃል፣ ወደ ኮሎምቦ እንመለሳለን፣ አብረሽን ነይ አሉኝ። አማ እጄን ይዘው ነበር። የመኖሪያ ካርዴ በዚያ ቤት ስም ነው፤ ቤቱ ሲሄድ እኔም ስዊዘርላንድ የምቆይበት ምክንያት አይኖረኝም። ለኪሩ ደውዬ ነገርኩት። ሄጂ ሲለኝ ወይም ቅሪ ሲለኝ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። እሺ፣ እናያለን አለና ዘጋ። እናያለን። እንግዲህ በዚህ ቃል ስንት ሌሊት ይታደራል?

ግንቦት ገባ። አንድ አርብ ደውሎ እሁድ ቤት ነሽ ወይ አለኝ። የለሁም፣ ሻትሌን ሰፈር ጓደኛዬ ሀጂራ ጋ ነኝ ስለው፣ ጥሩ ነው አለ። ምኑ ነው ጥሩው ብዬ ልጠይቀው ስል ዘግቷል።

እሁድ ማታ ስመለስ ሙስዬ ፊታቸው ጠቁሯል። ሰኞ ኪሩ አልደወለም። ማክሰኞም አልደወለም። ረቡዕ የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ይፋ ሆነ፤ የኪሩ ስም የለም። በሱ ቦታ ከባዝል የመጣ ለጋ ወርዋሪ ገብቷል። ልጁን አይቼዋለሁ፣ መጥፎ አይደለም፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ሰው የሚሆነው። ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ያልተጋጨበት ደቂቃ የለም። አማም ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ለኪሩ ረጅም መልእክት ላኩለት። መራጮቹን አንድ በአንድ አብጠለጠልኳቸው፣ የራሴን ሙስዬ ሳይቀር። ሰማው፣ አልመለሰም። ሌላ ላኩ። ማምሻውን አንድ መስመር ጻፈልኝ፤ ከእንግዲህ ስለ ክሪኬት አትንገሪኝ የሚል። ሀጂራ ሌላ ይዞ ይሆናል፣ ወንድ ሲጠግብ እንዲህ ነው አለችኝ። እኔ ግን መስከረም ላይ ገና ነህ ያልኩት ነው ትዝ ያለው፣ ከሙስዬ ጋር ያበርኩ መሰለው ብዬ ተቃጠልኩ። ነሐሴ እየመጣ ነው። ሰውየው ግን ድምፄን መስማት አልፈለገም።

ቅዳሜ ሙስዬ የኪሩ ክለብ የሚጫወትበትን ግጥሚያ ሊያዩ ወደ ዙሪክ ለመሄድ ተነሡ። አማ እኔም ካልሄድኩ አሉ፤ አማ ከሄዱ እኔም አለሁ። ማዳም ቀሩ። ከኋላ ከአማ ጋር ተቀመጥኩ። ከሎዛን ወዲያ ማሳው ሁሉ በቢጫ አበባ ተሸፍኖ ነበር፤ ከዚያ ሐይቁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ብርሃኑ ለስላሳ ስለ ነበር መኪናዋ የምትሄድ ሳይሆን አገሩ በአጠገባችን የሚፈስ ይመስል ነበር። እንዲሁ እንደ ፈሰሰ ቢቀር፣ ሳንደርስ ብንቀር ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ደግሞ መመኘት ሰለቸኝና ጠየቅኋቸው። ሙስዬ፣ ኪሩን ለምን ተዉት አልኩ፣ በዚያች በተሰበረች እንግሊዝኛዬ።

ከፊታችን የነበረውን የጭነት መኪና ቀድመው አለፉ። እስከ እሁድ ድረስ መርጬው ነበር አሉ፤ እኔ ራሴ ነኝ ለሌሎቹ ያሳመንኩት። እሁድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ ሽበታም የአገርሽ ሰዎች፣ ከሱፋቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የደረቡ። ሦስተኛው የክለቡ ካፒቴን፣ አፍጋኑ። ስለ ኪሩ ጉዳይ ነው የመጣነው አሉኝ በካፒቴኑ በኩል። ተቀመጡ ብላቸው አንቀመጥም። ሻይ ብላቸው አንጠጣም። ጉዳዩ ምንድን ነው ብላቸው፣ ዛሬ አንናገርም፣ ሌላ ቀን ይቀጠርልን። ምርጫው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ካፒቴኑ ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ሊያባብለኝ! አስወጣኋቸው፤ ስሙንም ሰረዝኩት። ለወዳጅ የሚመረጥ ቡድን ቡድን አይደለም አሉ።

እኔ ከነጭ ጨርቅ በኋላ ያሉትን በደንብ አልሰማሁም። ነጠላ ደርበው፣ አንቀመጥም ብለው፣ አንጠጣም ብለው፣ ቀን ይቀጠርልን ብለው። ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው፤ ኡስተር የሚኖሩት፣ ኪሩን እንደ ልጃቸው የሚያዩት። ሌላው ወዳጃቸው ጋሽ ታዲዮስ ይሆናሉ። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት፤ ኪሩ ሦስተኛ ዘመድ የለውም፤ እንግሊዝኛ የሚችልም ያስፈልጋል። ካምፕ ውስጥ አብሮት ያደረውን ካፒቴኑን ጨመረው። ሞኝ። የኔ ሞኝ። ለእናትና ለአባቴ እንደሚላክ፣ እዚህ ወገን የላትም ብሎ ወዳሳደረኝ ቤት ሽማግሌ ላከ።

እንባዬ ሳላስበው ወረደ። ሳቄም አብሮ መጣ። አማ ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። ብናገር ምን እንደሚመጣ አሰብኩ፤ ሙስዬ ከቤቴ ሠራተኛ ሊወስዱ ነው የመጡት ብለው ቢቆጡስ? ካርዴ በእጃቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ ኪሩ የምርጫ ሌባ ተብሎ ሊቀር ነው።

"ሙስዬ፣ ስለ ክሪኬት አልነበረም የመጡት" አልኩ። "ስለኔ ነው። በኛ አገር ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፣ አይጠጡም። በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን የማይናገሩም አሉ። ኪሩ እኔን ሊያገባ ነው የላካቸው።"

መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ሙስዬ መንገዱን ያያሉ፣ ጆሯቸው ቀልቷል። አማ ግን እንግሊዝኛውን ጨርሰው ሳይሰሙ ገባቸው። ቅጠል ይዘዋል ወይ አሉኝ፤ እነሱ ጋ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሰው ሲላክ ቡላት የሚሉት የሚታኘክ ቅጠል ታስሮ ይያዛል። የኛዎቹ ባዶ እጃቸውን ነው አልኳቸው። አማ ልጃቸውን በሲንሃላ አንድ ነገር አሏቸው፤ አልተተረጎመልኝም፣ ግን ሙስዬ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

ቆይተው፣ ምርጫው ተልኳል አሉ። የባዝሉ ልጅ ትኬት ተቆርጦለታል፣ ለእናቱ ነግሯል። እሱን ማውጣት አልችልም። ልክ ነው አልኩ። እንደ ደጋፊ ልክ ነው፤ በአንድ ስህተት ላይ ሌላ በደል አይጨመርም። እንደ ሴት ግን አንጀቴ ተቆረጠ። ለኪሩ እኔ ልንገረው አልኳቸው።

ሜዳው ከዲቤንዶርፍ ጫፍ ነው። ስንደርስ ኪሩ ይወረውር ነበር። አየን። አየኝ። ፊቱን መለሰ። ጋሽ ገብረኪዳን ሜዳው ዳር በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሙስዬን ሲያዩ ሊነሡ አልፈለጉም። ሙስዬ ግን በቀጥታ ወደሳቸው ሄደው ጎንበስ አሉ፣ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ በአገራቸው ወግ። ካፒቴኑ ከሜዳ እየሮጠ ሊያስተረጉም መጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እኔ ዓይኔ ሌላ ጋ ነበር።

ኪሩ የወረወራቸው የመጨረሻ ስድስት ኳሶች ሁሉም ያምሩ ነበር። እጁ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ሐዘን ነው የነበረው፤ እያንዳንዷን ኳስ ሳይወድ የሚለያት ያህል እያዘገየ ይለቃት ነበር። እንዲህ ሲወረውር አይቼው አላውቅም። ብሔራዊ ቡድን ያልገባው ሰው እንዲህ ወረወረ።

ሲወጡ ከአጥሩ ጋር ያለው ሣር ላይ ጠበቅኩት። ሊያልፈኝ ነበር፤ ስሙን ጠራሁት።

"ቤትሽ ሽማግሌዎቼን አባረረ" አለኝ ቆሞ። "ቢያባርር ምንም አልልም ነበር፣ መብታቸው ነው። አንቺ ግን በሦስተኛው ቀን ስለ ክሪኬት ታወሪልኛለሽ። አንድ ቃል፣ አልፈልግህም የምትለዋን አንዷን ቃል መናገር ይህን ያህል ከበደሽ?"

"አላወቅኩም" አልኩት። "ሽማግሌ እንደላክህ ዛሬ መንገድ ላይ ነው የሰማሁት።"

አላመነኝም። ዓይኔን ሲያይ ቆየ፣ ከዚያ አመነኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲፈታ አየሁት፤ መጀመሪያ ግንባሩ፣ ከዚያ ከንፈሩ። ያን ጊዜ መናገር ይበልጥ ከበደኝ፤ ምክንያቱም ገና ያልነገርኩት አለ፤ ሲሰማው ደግሞ ምነው ባላወቅኋት ይል ይሆናል። ሙስዬ ስለ ምርጫው ሊያባብሉኝ መጡ ብለው እንዳሰቡ፣ ስሙንም ለዚህ ብለው እንደሰረዙት፣ አሁን መመለስ እንደማይቻል ሁሉንም ነገርኩት። ሳልቆርጥ፣ ሳላሳምር።

ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከበላያችን ትንሽ አውሮፕላን አለፈች፤ በዓይኑ ሸኛት።

"ሽማግሌ ባልልክ ኖሮ ስሜ ነበረበት?"

"ነበረበት።"

"ስሜ ነበረበት" አለ ለራሱ። ዓይኑ ሞላ። ባሕር ላይ፣ ካምፕ ውስጥ፣ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ብርድ አዳራሽ ያላለቀሰ ሰው ነው። አጠገቡ ተንበረከክሁ፤ እጁን ለመያዝ ግን አልደፈርኩም።

"ይቆጭሃል?" አልኩት።

"ይቆጨኛል። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ይቆጨኛል። ዛሬ ማታም ይቆጨኛል፣ ቡድኑ ሲጫወት ቴሌቪዥን ላይ ሳየውም ይቆጨኛል።" በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። "ግን አገሪቱ፣ እሁድ ተመልሶ ይምጣና ቡድኑንና አንቺን ፊቴ ያስቀምጡልኝ። ጋሽ ገብረኪዳንን አሁንም ጄኔቭ ነው የምልካቸው።"

አባቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ እሱን ሰው ልከህ አስጠይቀው አልኩት። እሺ አለ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጋባቱም ቀላል አይደለም፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ነሐሴም ሩቅ አይደለም አልኩት። አውቃለሁ አለ።

"እኔን ከጠየቅኸኝ ግን" አልኩት፣ "ኮሎምቦ አልሄድም።"

እጄን ያዘ። መዳፉ በኳሷ ስፌት ተሰነጣጥቆ ሻክሯል፣ ሞቆም ነበር። ከሜዳው ጓደኞቹ ኪሩ፣ ኪሩ እያሉ ይጠሩታል፤ ቡድናቸው የሚመታበት ተራ ደርሷል። ሰምቷል፤ አልተነሣም።